አልጋችን ላይ የተነጠፈው

ልጄ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያው ብቻ እንደገና ማፍሰስ ጀምሯል።

መሥሪያ ቤታችሁ የሚሠራውን፣ እንደ አንሶላ የሚታጠፈውን የላክሽልኝን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አልጋችን ላይ አነጠፍኩት። እንዳልሽው እንቅልፌን እየለካ ይነግርሻል። ወንድምሽ ደግሞ ወደፊት መጋረጃውም ግድግዳውም እንዲህ ይሆናል ይለኛል። እንግዲህ በገዛ ቤቴ መደበቂያ ላጣ ነው።

ግን ታዝቤሻለሁ። ደህና ተኝቼ ካደርኩ አትደውዪም። ስገላበጥ ያደርኩ ለት ፊቴን ሳልታጠብ ስልኩ ይጮኻል፤ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ትያለሽ። ስለዚህ ሰሞኑን ሆን ብዬ እገላበጣለሁ። አባትሽ «ቁንጫ ገባ እንዴ?» ብሎ ሶፋው ላይ ማደር ጀምሯል።

ክፉ አይንካሽ። እባክሽ፣ ደህና ተኝቼ ባድርም ጠዋት ደውዪልኝ። መገላበጡ ወገቤን ጨረሰው።

እናትሽ