ለአፎቻችን ሊቀመንበር፣ ስለ ትልቁ ሃርድ ዲስክና ስለ ናስር ድምፅ

ለክቡር ሐጂ ፈይሰል
የሠፈራችን አፎቻ ሊቀመንበር
ጀጎል፣ ሐረር
ግንቦት 17 ቀን 2007 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፤ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ከአፎቻው ቤት ደጃፍ እስከ ወይዘሮ ለይላ ቤት ያለችውን ሠላሳ እርምጃ ሦስት ሳምንት ሙሉ መራመድ እንዳቃተዎ ስለተመለከትኩ፣ አላህ ለጉልበትዎ ሺፋውን፣ ፈውሱን እንዲያፋጥንልዎ ከየሰላቱ በኋላ ዱዓ እያደረግኩ ነው። ቤተሰብዎ ሁሉ፣ በተለይም የሰርጓ ፊልም አንዲት ደቂቃ ሳትጎድልበት የተረፈላት ልጅዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ በመስጠት ፈንታ በአፎቻው ቤት በርና ፈላና በር አጠገብ ባለው የሂክማ ኮምፒውተር መጠገኛ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። በስብሰባ ላይ ለመናገር ሦስት ጊዜ እጄን አንስቼ ሦስቱንም ጊዜ «በሚቀጥለው ስብሰባ ኢንሻአላህ» ስላሉኝ፣ የሚቀጥለው ስብሰባ እስኪደርስ ዕድሜዬ እንዳይቀድመኝ ሰግቼ ነው።

ከሠፈራችን ውጭ ሆኖ ይህን ለሚያነብ ሰው ነገሩን ላስረዳ። አፎቻችን ሰርግና ሐዘን የምንረዳዳበት ማኅበር ነው። እኔ ዓብዱላሂ ማንም ሳያስተምረኝ የካሜራውን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ቪዲዮ ማንሳት የተማርኩ ሰው ስሆን፣ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የዚህን ሠፈር ሰርግ ቀርጬ መቶ ሰማንያ ስድስት ካሴት በቤቴ አኑሬ ነበር። ሰዎቹ ካሴታቸውን እኔ ዘንድ የተዉት አማና፣ አደራ ብለው ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ኮሚቴው ካሴቶቹ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ተገልብጠው በሃርድ ዲስክ እንዲቀመጡ፣ ከአፎቻው ቤትም በዋይፋይ እየተላኩ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሰርግ በራሱ ቴሌቪዥን እንዲያይ ወሰነ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ያለውን ይመለከታል።

1ኛ. ስለ ዲስኩ አመራረጥ ከልብ አመሰግንዎታለሁ። የኮምፒውተር ጠጋኟ ሂክማ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ እንደሚከተለው ጽፋ አቅርባልን ነበር። ፊልም የሚቆረጥበትና የሚቀጠልበት ዲስክ ፈጣን፣ በደቂቃ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ጊዜ የሚዞር ይሁን፤ ለቴሌቪዥን የሚያስተላልፈው ግን ዝግ ያለም ቢሆን ችግር የለውም፤ ከሁሉም በላይ ለማስቀመጫ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ዲስኮች ይገዙ፣ አንዱ ጀጎል ውስጥ፣ ሁለተኛው ከግንቡ ውጭ አቦከር ባለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ፣ አንዱ ቢበላሽ አንዱ ይተርፋል። ኮሚቴው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ አንድ መንገደኛ ነጋዴ ያመጣውን፣ አራት ቴራባይት የሚል የተጻፈበትን አንድ ዲስክ መረጠ። በቃለ ጉባኤው በስምዎ የሰፈረው ምክንያት «አፎቻችን ለሰርግ ድስት ሲገዛ ሁልጊዜ ትልቁን አንዱን ነው የሚገዛ፤ ሁለት ትንንሽ ድስት ይዞ ደጋሽ ቤት የሄደ አፎቻ አይተን አናውቅም» የሚል ነው። ከዚያም ዲስኩ ድስት እንደሚመረጥ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ተመዘነ፤ «ከባድ ነው፣ ጠንካራ ነው» ተባለ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ሃርድ ዲስክን በክንዱ የመዘነ ኮሚቴ ከእኛ በፊት አልነበረም፤ ለዚህ ክብር ስላበቁን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2ኛ. ስለ ምረቃው በዓልም እንዲሁ። ሪባን ተቆረጠ፤ በስክሪኑ ላይ የመቶ ሰማንያ ስድስት ሰርግ ስም ከነቀኑና ከነርዝመቱ ተደርድሮ ታየ፤ ሰውም አጨበጨበ። ለናሙና የተከፈተው በመጨረሻ የተገለበጠው የልጅዎ ሰርግ ነበር። ሳህን ሲታደል ብቻ አርባ ደቂቃ የሚወስደውን ያንን ፊልም እስከ መጨረሻው በማሳየት ሌላ ሁለተኛ ሰርግ የሚከፈትበት ጊዜ እንዳይኖር ያደረጉት በጥበብ ይሁን በአባትነት ፍቅር እስካሁን አልገባኝም። አንድ አሮጌ ሰርግ ብቻ ቢከፈት ኖሮ ችግሩ በዚያው ቀን በታወቀ ነበር፤ ዋይፋዩም እስካሁን ስላልተዘረጋ ከዚያ ወዲህ የከፈተ አልነበረም።

3ኛ. ስለ ሽቦው። ወይዘሮ ለይላን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ባሏ ናስር በሐረርና በጅጅጋ መካከል የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ በ1985 ተጋቡ፣ በዓመቱ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ ልጃቸው ዋፊቃ አባቷ ከሞተ በአራተኛው ወር ተወለደች። ዋፊቃ አሁን ሰኔ 6 ታገባለች። የአባቷን ፎቶግራፍ አይታለች፤ ድምፁን ግን ሰምታ አታውቅም። ድምፁ ያለው በሰርጉ ቀን እኔው ቀርጬው ለአራት ደቂቃ በተናገረበት ፊልም ውስጥ ብቻ ነው። እናቷ እስካሁን ያላሳየቻት በቤታቸው የካሴት ማጫወቻ ስለሌለና እርሷም ያንን ማየት ስላልቻለች ነበር። «ስትዳሪ አብረን እናየዋለን» ብላ ቃል ገብታላታለች።

ይኸው ከሦስት ሳምንት በፊት መጡ። እኔና እርስዎ ስሙን ፈልገን አገኘነው፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይላል፤ ስንከፍተው ጥቁር ሆነ። ክቡርነትዎ ወዲያው «የሽቦ ችግር ነው፣ አትጨነቂ፣ ከድሬዳዋ ሽቦ እናስመጣለን» አሏት። አንድ ሰዓት በሚፈጅ መንገድ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየተጓዘ ላለው ለዚያ ሽቦ ሳላመሰግን አላልፍም። በማግስቱ ሂክማ ዲስኩን በእኔና በእርስዎ ፊት ፈታችው። ውስጡ ጥፍር የምታክል ሜሞሪና ክብደት እንዲሰጡ በሙጫ የተለጠፉ ሁለት ብሎኖች ነበሩ። አራት ቴራባይት የሚለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ዕቃው ሲሞላ አዲሱ ፊልም በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ ስም ብቻ በቦታው ይቀራል። በመጨረሻ የገባው የልጅዎ ሰርግና ከእርሱ በፊት የነበሩ ሁለት ሰርጎች ተርፈዋል፤ የቀረው የለም። እርስዎም ብሎኖቹን እያዩ «ቀደር ነው፣ የተጻፈ ነው» አሉ። ክቡር ሊቀመንበር፣ ቀደር የአላህ ነው፤ ብሎኑ ግን የነጋዴው ነው፤ ምርጫውም የእኛ ነው።

4ኛ. እስከ አሥር የሚደርስ ቅሬታ አዘጋጅቼ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያሉትን ስመረምራቸው የእርስዎ ሆነው አላገኘኋቸውም።

የድስቱ ነገር በቃለ ጉባኤ በስምዎ ቢጻፍም ሐሳቡ የእኔ ነበር። ከጎንዎ ተቀምጬ በጆሮዎ የነገርኩዎ እኔ ነኝ፤ እርስዎ ጮክ ብለው ደገሙት። ይህን እያወቅኩ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ፤ በዚህ ደብዳቤ መጀመሪያም በእርስዎ ላይ ስቄበታለሁ። የሂክማን ወረቀት ያስጣልኩትም እኔው ነኝ። «አው ዓብዱላሂ» ብላ፣ እንደ ታላቅ ሰው አክብራ በሱቋ ለመነችኝ፤ «ድስት እንኳ ሲገዛ ውኃ ሞልተው ያዩታል፤ ይህንንም መጀመሪያ ጢም አድርገው ሞልተው አንድ በአንድ ከፍተው ይዩት፤ እስከዚያ ካሴቶቹን ከቤት አያውጡ»። እኔም «አንቺ ሳትወለጂ ካሜራ ተሸክሜአለሁ» አልኳት። ሁለት ዲስክ መግዛት በእጄ ሥራ አለመተማመን መስሎ ታየኝ። የገለበጥኩትን እንደገና ከፍቶ ማየትም እንዲሁ። ሰው የሠራውን ደግሞ የሚያይ ሥራውን የማያውቅ ነው እያልኩ ኖሬአለሁና፣ ዝርዝሩን አየሁ፣ ስሙ አለ፣ ርዝመቱ አለ፣ በቃኝ።

ካሴቶቹም ከቤት ወጡ። ባለፈው ጥቅምት፣ ማሽላው ሲደርስ፣ ከከተማው ውጭ የሚያርሰው አሚን ወፍ አስቸግሮት የቴፕ ክር ይፈልግ ነበር፤ ማሳ ላይ ሲወጠር በነፋስ እየጮኸ ወፍ ያባርራል። እኔም መቶ ሰማንያ ስድስቱን ካሴት በሁለት ጆንያ ሞልቼ ሰጠሁት፤ ቤቴ ሰፋልኝ ብዬም ደስ አለኝ። ዲስኩ በተፈታ በሁለተኛው ቀን ወደ ማሳው ሄድኩ። በአጥሩ እሾህ ላይ የተጠማዘዘ ትንሽ ክር ቀርቷል፤ ፀሐይ አንጥቶታል፣ ሲነኩት ይበጠሳል፤ የቀረው ከአገዳው ጋር ተቃጥሏል። አሚን ምን እንደምፈልግ ስነግረው አፍሮ፣ «ኦቦ ዓብዱላሂ፣ የማን ሰርግ እንደነበረ አላወቅኩም፤ ግን ዘንድሮ ወፍ አንድ እሸት አልነካብኝም፤ አላህ ይስጥዎ» አለኝ። በሕይወቴ ከተመረቅኩት ምርቃት ሁሉ እንደዚህ ያቃጠለኝ የለም።

እንግዲህ የሽቦውን ነገር የፈጠሩት እርስዎ ቢሆኑም፣ ወይዘሮ ለይላ መንገድ ላይ «አው ዓብዱላሂ፣ ሽቦው መጣ?» ባለችኝ ቁጥር «ገና ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። አራት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ አራት ጊዜ ዋሸሁ። ሰውን ስለ ሐሰቱ ስገሥጽ የኖርኩ ሰው መሆኔን ሠፈሩ ያውቃል። ከአራተኛው ውሸት በኋላ መስጊድ ገብቼ፣ ከመጀመሪያው ሰፍ፣ ከፊተኛው ረድፍ መቆሙን ትቼ ከኋላ ቆሜ ሰገድኩ።

ትናንት ከዓስር ሰላት በኋላ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብሎኑን፣ ካሴቱን፣ ማሳውን፣ የድስቱንም ነገር። ወይዘሮ ለይላ አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። «እኔ የተናገረውን አስታውሰዋለሁ» አለች፤ «ግን ሳስታውሰው በራሴ ድምፅ ነው የሚመጣልኝ።» ዋፊቃ ግን ወደ እኔ ዞራ፣ «እርስዎ ካሜራውን ይዘው ከፊቱ ነበሩ አይደል? ድምፁ እንዴት ነበር? ወፍራም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደማንኛውም ሙሽራ ነበር አልኳት። «ስለ ማንኛውም ሙሽራ አልጠየቅኩዎትም» አለችኝ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ናስር ሲናገር ከኋላው ያለው መስኮት ፊቱን እያጨለመብኝ ስለነበር፣ እኔ ብርሃኑን ሳስተካክል እርሱ ተናግሮ ጨረሰ። ወደ ኮምፒውተር ስገለብጠውም ያ አራት ደቂቃ እንደገና በፊቴ አለፈ፤ ያኔ ሌላ ሰርግ እየቆረጥኩ ስለነበር እንዳይረብሸኝ ድምፁን ዘግቼው ነበር። ናስር ሁለት ጊዜ ከፊቴ ተናገረ፤ እኔ ሁለቱንም ጊዜ ምስሉን ብቻ አየሁ። ይህን ለዋፊቃ ነገርኳት። ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ ወይዘሮ ለይላ «ይሂዱ፣ ይመሻል» እስክትለኝ ቆየሁ።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ በትሕትና የምጠይቀው ይህ ነው። በመጪው ጁምዓ ከሰላት በኋላ አባላቱን ሰብስበው መቶ ሰማንያ ሦስት ሰርግ መጥፋቱን በራስዎ አንደበት ይንገሩ፤ እኔም ከጎንዎ እቆማለሁ። እርስዎ ካልመጡ ብቻዬን እናገራለሁ፤ ያኔ ስምዎን ከስሜ ለይቼ ለመጥራት ቃል አልገባም። ለሠፈሩ ትዝታ ጠባቂ ተብሎ በአፎቻው ቤት የተሰቀለልኝን የምስጋና ወረቀት ዛሬ ጠዋት ራሴ አውርጄዋለሁ። ሌላ ዲስክ የሚገዛ ከሆነ ሂክማ ትምረጥ፤ እኔ በስብሰባው አልገኝም፤ ብገኝም አትስሙኝ። «ዓብዱላሂ ሽማግሌ ነው፣ አውፍ፣ ይቅር በሉት» የሚል ሽምግልና እንዳይልኩብኝም አደራ እላለሁ፤ አውፍ ማለት የሚችሉት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ እነርሱም ገና አላሉም፤ እንዲሉም አልለምንም።

ለአፎቻው ያለዎትን ድካም የማይነካው ትጋት፣ ለሰው የሚሰጡትን የማያልቅ ተስፋ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚያሸጋግሩትን ሰፊ ትዕግሥት እያደነቅኩ፣ አላህ ዕድሜዎን እንዲያረዝምልዎ፣ ካረዘመልዎም ወይዘሮ ለይላ ቤት የሚያደርስ አንዲት ጠዋት ከመካከሉ እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ በጥፋት የሚበልጥዎት ጎረቤትዎ ነኝ።

ዓብዱላሂ
የሰርግ ቪዲዮ አንሺ የነበረ

ግልባጭ፦
ለአፎቻው አባላት በሙሉ
ለሂክማ፣ ወረቀቷን ላልሰማሁባት
ለወይዘሮ ለይላና ለዋፊቃ፣ በቃል የነገርኳቸው በጽሑፍም እንዲኖራቸው

ማስታወሻ፦ በዚያ ዘመን ጅዳ ላለ ዘመድ ከደብዳቤ ይልቅ ድምፅ በካሴት ተቀርጾ ይላክ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ናስር ሰላምታ የላከበት፣ ወይም ከኋላ ሆኖ ሲስቅ እንኳ የሚሰማበት አንድ ካሴት በሳጥኑ ውስጥ የተረሳ ሰው ካለ፣ ከሰኔ 6 በፊት በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ለይላ ቤት ይውሰደው። ለሐጂ ፈይሰልና ለእኔ አትስጡ። እስክታደርሱት ድረስ ለጊዜው የሚይዝላችሁ ሰው ከቸገራችሁ፣ ከሁለታችን በስተቀር በመንገድ ያገኛችሁትን ማንንም እመኑ።