አራት ጣት ትርፍ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ዓይንዎ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጠራልዎት ወይ? እንቅልፍዎስ? ምግብ ይስማማዎታል? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የምጠይቅዎት መልሱን ቸል ብዬ ሳይሆን፣ የምነግርዎት ወሬ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ አላስተነፍስ ስላለኝ ነው። እኔ ወንድምዎ ደህና ነኝ። እርስዎ እስከ ዛሬ "ሙሽሪት" የሚሏት ባለቤቴም ደህና ናት። ደህና ብቻ ብዬ ባልፍ ግን ግፍ ነውና ይታገሱኝ።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንሸራትቷት እንደወደቀች ባለፈው ጽፌልዎት ነበር። አጥንቷ ተርፏል፤ ልቧ ግን ፈርቶ ቀረ። አራት ወር ሙሉ የጓሮውን በር አልተሻገረችም። ከበሩ ወደ አትክልቱ የሚያወርዱት ሦስት ደረጃዎች ገደል ሆኑባት። ያቺ ስትኮተኩት ውላ ካልጠሯት የማትገባ ሴት በመስኮት እያየች አረሙ ዋጠው፣ አረሙ ዋጠው ትላለች። እኔ ላርምላት ጎንበስ ስል ወገቤ ይያዝና ቀና የሚያደርገኝ ጎረቤት ይፈለጋል። ልጃችን ይህን አይታ ቤቱን ሸጠን እሷ አጠገብ ፎቅ ላይ እንድንገባ ቆረጠች። ክፋት የላትም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር እየደነገጠች ሥራ መሥራት አቅቷት ነው። ለምኜ ለምኜ አንድ ወር ሰጠችኝ። በዚያ ወር ውስጥ እናቷ ሰው ሳይደግፋት ጓሮ ከወረደች እንቀራለን፣ ካልወረደች ዕቃችንን እንጠቀልላለን ተባባልን።

ከዚያማ ምን ልበልዎት፣ ጎረምሳ ሆንኩ! መጀመሪያ ለመታጠቢያ ቤቱ፣ ግድግዳ ላይ በጎማ የሚጣበቅ የእጅ መያዣ ገዛሁ። ባለ ሱቁ በሬ ቢጎትተው አይነቀልም ብሎ ማለልኝ። ሙሽሪት ሳትይዘው ራሴ ልሞክረው ብዬ ብንጠለጠልበት፣ መያዣው በእጄ፣ እኔ በመቀመጫዬ። ደግነቱ ደረሰኙን አልጣልኩትም። መልሼ ስወስደው የተጠቀሙበት ዕቃ አይመለስም አለኝ። የተጠቀምኩበት ለአንድ አፍታ ነው፣ ካላመንክ ምልክቱን አሳይሃለሁ ስለው ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም አፍሮ ተቀበለኝ። እትዬ፣ ለእርስዎም እንዲህ ያለ ነገር ቢያመጡልዎት ግድግዳው ላይ በብሎን ካልታሰረ እንዳያምኑት።

ቀጥሎ የሰፈራችን በያጅ ለመታጠቢያ ቤቱም ለደረጃዎቹም የብረት መደገፊያ አበጀልን። የደረጃዎቹን ጠርዝ እኔ ራሴ ቢጫ ቀለም ቀባሁት። ከዚያ አናጢ ጠርቼ እግር ያለው ትልቅ የእንጨት ሳጥን አዘዝኩ፤ አፈር ሞልተንበት ሙሽሪት ሳትጎነበስ ቆማ የምትተክልበት። መለካቱን ግን ለሌላ ሰው አልሰጥም አልኩ። አርባ ዓመት የሰው ልብስ ስሰፋ የኖርኩ እኔ እያለሁ! ሰሃን ስታጥብ ከኋላዋ መጥቼ ከክርኗ እስከ መሬት በሜትሬ ለካኋት። ምንድን ነው ብትለኝ ቀሚስ ነው ብዬ ዋሸኋት፤ ሳታስበው ላስደስታት ፈልጌ ነው።

ሳጥኑ ያለቀው ባለፈው እሑድ፣ ወሩ በሞላበት ቀን ነው። ልጃችንም ዕቃ ልትጠቀልል ባዶ ካርቶኖች በመኪና ጭና መጣች። ሙሽሪት የጓሮው በር ላይ ቆመች። መደገፊያውን አሳየኋት፤ አየችው። ቢጫውን ቀለም አሳየኋት፤ አየችው። ንቅንቅ ግን አላለችም። ልጄ አታስገድዳት አባዬ አለችኝና የመጀመሪያውን ካርቶን መዘርጋት ጀመረች። ልቤ ስብር አለ። እንደው ቢቸግረኝ፣ እንዴት እንደሚተከልበት ላሳያት ብዬ ሳጥኑ ፊት ቆምኩና እጆቼን ወደ ውስጥ ከተትኩ። ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ገባ። ለካ ለአናጢው ልኩን ስሰጥ፣ አርባ ዓመት የለመደ እጄ ለስፌት ሁለት ጣት፣ ለእጥፋት ሁለት ጣት ትርፍ ጨምሮበታል!

ሙሽሪት ይህን ስታይ ቱግ አለች። "ይኼን ለማን ነው ያሠራኸው? ለቀጭኔ ነው?" እያለች መጣች። መጣች እኮ ነው የምልዎት! አንድ እጇ መደገፊያው ላይ፣ ሌላው ወደ እኔ እየተወዛወዘ ሦስቱንም ደረጃ ወረደች። ሳጥኑ ጋ ደርሳ በክርኗ እየለካች፣ ሰው ሳያማክሩ ማሠራት ምን ይባላል እያለች ታወርድብኝ ጀመር። እኔ ምኑንም አልሰማሁ፤ እግሯን ነበር የማየው። ልጃችን ካርቶኑን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች።

"እማዬ፣" አለቻት ቀስ ብላ፣ "ውጭ ነሽ እኮ።"

ሙሽሪት ዞራ ደረጃዎቹን አየች፤ ከዚያ እግሯን አየች። ልደርስላት ስል ሳጥኑን ጨብጣ ጸንታ ቆመች። ልጃችንንም "በይ ያንን ካርቶን አምጪው፣ ከአፈሩ ሥር ይነጠፋል" አለቻት። ልጄ እያለቀሰች እየሳቀች አንድ ሳይቀር ሁሉንም አወረደች። እኔም አለቀስኩ እትዬ፤ ከእርስዎ ምን እደብቃለሁ። አናጢው ከሳጥኑ እግሮች አራት አራት ጣት እየቆረጠ፣ ትርፍ የሚተወው ለሚያድግ ልጅ ነው፣ እናንተ ከእንግዲህ ወዴት ልታድጉ ነው ብሎ ቀለደብኝ። ይቀልድ። አሁን ሳጥኑ ላይ ሰላጣ፣ ቃሪያና ካሮት ተዘርቶበታል፤ ልጃችንም የቤት መሸጡን ወሬ ትታ ሰላጣው በቀለ ወይ እያለች ነው የምትደውለው።

ለልጅዎ ብርቱ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለምራትዎ እርስዎን ስለምትንከባከብልን ዕድሜ ይስጥሽ ብሎሻል ይበሉልኝ። የልጅ ልጆችዎን ጉንጭ ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ይህን ደብዳቤ ጮክ ብላ ለምታነብልዎት ጎረቤትዎም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የመቀመጫዬን ነገር ስታነብ ድምጿን ዝቅ ብታደርግልኝ ደስ ይለኛል። ሙሽሪት በገዛ እጇ ሁለት መስመር ሰላምታ እንድትጨምርልዎት በመስኮት ሁለት ጊዜ ጠራኋት። ጊዜ የለኝም ብላለች። ውጭ ናት።

ወዳጅ ወንድምዎ

ከቤታችን፣ ከጓሮው መስኮት አጠገብ
ቅዳሜ፣ ግንቦት ፲፰ ቀን