ያጨበጨብንለት ዕዳ

ባለቧንቧው ወዳጄ፣ ከነንዴቴ ነው የምጽፍልህ። የነዳጅ ኩባንያችን የባለአክሲዮኖች ስብሰባ አሁን አለቀ። አዳራሹ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው፣ ወንበሩ ሰው ይውጣል። ሥራ አስኪያጁ ወጣና «ዕዳችን በግማሽ ቀንሷል፤ ከእንግዲህ የአክሲዮናችን ዋጋ ወደ ላይ ብቻ ነው» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ሞኙ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩልህ!

ጭብጨባው ሲበርድ ከኋላዬ የነበሩ አንድ እናት ተነሱና «ልጄ፣ በምን ከፈላችሁት?» አሉት። «የነዳጅ ማከማቻ ዴፖውን ሸጠን ነዋ! አሁን ከገዢው ተከራይተን እንሠራበታለን» ብሎ እርፍ! አንተ ዕድሜህን ሙሉ ቧንቧ የዘረጋህበትን፣ እኔ ቦቴዬን ስሞላበት ያረጀሁበትን ዴፖ! ደሜ ፈላ። ከሁሉ የባሰው ግን ሰዎቹ ይህንን ሰምተው ደግመው ማጨብጨባቸው ነው። እስቲ አሁን ጎረቤትህ ታክሲውን ሸጦ የታክሲውን ዕዳ ቢከፍል፣ በማግስቱም ያንኑ ታክሲ ተከራይቶ ቢነዳ፣ ሰፈራችን እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል? «አብደሃል እንዴ?» ነው የሚለው።

«አክሲዮኑን እንያዝ ወይስ እንሽጥ?» ብለኸኝ ነበር። የኔን እንዲሸጡልኝ ሰጥቼ ነው የወጣሁት፤ ያንተንም ሳትውል ሳታድር ሽጥ።

የፖስት ካርዱ ቦታ ጠበበኝ። ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ፣ ትንሿን አገላብጠህ ሳምልኝ። ይህን ካርድ በር ላይ በነፃ ያደሉን እነሱው ናቸው፤ ገልብጠህ ብታየው ፎቶው የዴፖአችን ነው። አደራ እንዳትጥለው፤ ከዴፖው የቀረን እሱ ብቻ ነው።

ያንተው ባለቦቴ