የቦሪው በሬ ጣፊያ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለዲንቁ፣ ሻሸመኔ።

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህ ተሻለው ወይስ አሁንም ተቀምጠህ መነሣት ያቅትሃል? ዓይንህስ? አቻምየለሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔም ደህና ነኝ ብዬ ላስጽፍ ነበር፤ ላንተ ምን ይደበቃል፣ ደህና አይደለሁም።

ሁለት ዓመት ሆነ፣ ደሜ አልረጋ ብሎኛል። ድዴ ይደማል፤ ትንሽ ከተነካሁ ቆዳዬ ይጠቁራል። ኪኒኑ ፊቴን ነፋው፣ ስኳሬን ሰቀለው እንጂ አልፈየደልኝም። ዶክተር ጄምስ ጣፊያዬ ደም የሚያረጋውን ነገር እየለቀመ ስለሚበላ ይውጣ አለ። በሰባ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ላይ ቢላ ማሳረፍ እንደሚያሰጋ፣ ወጥቶለትም የማይድን እንዳለ አልደበቀኝም። ጣፊያ ለሌለው ሰው የሚሰጠውን የበሽታ መከላከያ ክትባት ወግተውኛል። ሐሙስ ናይሮቢ እሄዳለሁ፣ ሰኞ ይከፍቱኛል።

ቢላ አልፈራም። ስንቱን ከብት ከፍቼ ጣፊያውን ለውሻ ወርውሬያለሁ። የሚያባንነኝ የቦሪው በሬ ነው፤ ከቦሪ መንደር የመጣው፣ በድርቁ ዓመት በድንገት የወደቀው። ስናርደው ደሙ ጥቁር ነበር፣ አልረጋም። ጣፊያው አብጦ እጅህ ላይ ፈሰሰ። አንተ አባ ሰንጋ ነው፣ እንቅበረው አልክ። እኔ ሥጋ ቤቱ የማን ነው ብዬ ዝም አሰኘሁህ። ደንበኛችን አዳኖ ከሥጋው ሁለት ኪሎ ወሰደ፤ በአራተኛው ቀን እሱን ራሱን ቀበርነው። ሰዉ ወባ ነው ሲል እኔም ወባ ነው አልኩ።

ያ በሽታ እኔ ላይ ወጥቶ እንደሆነ ዶክተሩን ጠየቅሁት። በጭራሽ አይገናኝም አለኝ። እሱ የተማረ ነው፤ ግን እኔ አፌን ተጉመጥምጬ በተፋሁ ቁጥር ያንን በሬ አየዋለሁ።

ደም የሚሰጥ ሰው ይዘህ ና ሲሉኝ ሳልጠራው የመጣው ማን መሰለህ? የአዳኖ ልጅ ጃርሶ። አባባ፣ ለአባቴ ከፈን የገዙት እርስዎ ነዎት፣ እኔ እያለሁ ሌላ ሰው አይፈልጉ አለኝ። 

ነገ ረቡዕ ቤቴ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የበሬውን ነገር እነግረዋለሁ። ከሰማ በኋላ ደሙን ቢከለክለኝ አልቀየመውም። ደብዳቤውን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ሻምሳ እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አቆመች፤ ጻፊው አልኳት። ያኔ ልክ የነበርከው አንተ ነህ። ከአፌ ሰምተህ ስለማታውቅ በወረቀት ያዘው።

አቻምየለሽን ሳምልኝ። የትንሿን የነጂባን ጸጉር ዳብስልኝ። ሥጋ ቤት ለከፈተው ለልጅህ ለቱሪ ሰላምታዬን ንገረው፤ ደሙ ያልረጋ ከብት ካጋጠመው፣ ማንም ምንም ቢለው፣ ይቅበረው።

ወንድምህ ደበላ
ሞያሌ ኬንያ፣ ማንያታ
የካቲት 8 ቀን 2008 ዓ.ም.