ጀርባዬን አዙሬ የሰማሁት

ውድ ልጄ ሰልዋ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። በሰላም ጅግጅጋ መግባትሽን አክስትሽ ሰዓዳ ደውላ ነግራኛለች፤ አልሐምዱሊላህ። ምን እያደረገች ነው ብላት «ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ስልኳን ታያለች» አለችኝ። ስልክሽን የምታዪው የእኔን መልስ ስትጠብቂ እንደሆነ እሷ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ። ደጋግሜ ስልኬን አነሳና ስምሽ ላይ ስደርስ አስቀምጠዋለሁ። ብደውል «ደህና ነሽ? ብርድ አለ?» ብዬ እንደምዘጋው ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። ነገ ከሀርጌሳ ተነስታ በቶጎ ውጫሌ ድንበሩን የምትሻገር ሴት አለች፣ ወረቀቱን ታደርስልኛለች።

የዚያን ቀን ነገር ከመጀመሪያው ልጻፈው። አብረን ነበርን፤ ግን አንቺ ስክሪኑን ነበር የምታዪው፣ እኔ ግድግዳውን።

እኛም እንደ አገሩ ሰው «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ የምንላት ሀዎ ኮምፒውተሯን ዋሄን ገበያ ወዳለችው የጥገና ሱቄ ስታስመጣ ተሸክሞ ደረጃውን የወጣው የወንድሟ ልጅ ዓብዲራሺድ ነበር። አስቀምጦ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ሰላምታ ሰጥቶኝ ወረደ። ከዚያ በላይ አላየሁትም። ለካ ማየት ነበረብኝ።

ሀዎ ስቱዲዮዋ የሚሠራው የሴቶች ሰርግ ቪዲዮ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለሥራው ብላ ከዱባይ በኮንቴይነር የመጣ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ገዝታለች። ካርዱ እዚያ ሲኖር ሥራው ክሪፕቶ የሚሉትን የኮምፒውተር ገንዘብ መቆፈር ነበር፤ ባለቤቱም ለዚያ እንዲመቸው ውስጡ ያለውን ባዮስ፣ ካርዱን የሚያዝዘውን ፕሮግራም፣ ለውጦታል። ዕቃው ጤነኛ ይመስላል፣ ቪዲዮ ሲጫንበት ግን ይደርቃል። መድኃኒቱ የካርዱን የራሱን ባዮስ ፈልጎ መልሶ መጻፍ ነው፣ እኛ ፍላሽ ማድረግ የምንለው። በዚያች መሐል መብራት ከሄደ ካርዱ ከብረት አይሻልም። እንደ እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ይህን የሚሠራው በቢስሚላህና መብራት ሲሄድ በሚይዘው ዩፒኤስ ነው።

ካርዱን ቦታው ላይ ሰካሁ፣ ብሎኑን አሰርኩ፣ የፓወር ገመዶቹን አገናኘሁ። በስሙ ያገኘሁትን ባዮስ ጻፍኩበት። ኳስ ጨዋታ ከፍቼ አየሁ፣ ሰላም ነው። ሀዎ ግን የራሷን ሥራ ስትከፍት ስክሪኑን በሁለት እጇ ይዛ ከእኔ አዞረችው።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ታሟል።»

«እንዴት ነው የታመመው?»

«ክፉኛ።»

«ኤዶ፣ ካላየሁት እንዴት አውቃለሁ?»

«ዋላሂ አታየውም። ልጆቹ ፀጉራቸውን ገልጠው ነው የሚጨፍሩት። ወንድ አያየውም ብዬ ለእናቶቻቸው ቃል ሰጥቻለሁ።»

«እኔም ማየት አልፈልግም።»

«አንተማ ዓይንህን እንደምትሰብር አውቃለሁ። ዓይን ግን ዓይን ነው። ሴት ልጅ አለችህ አይደል? ጥራት።»

ጠራሁሽ። ከሠላሳ አንድ ሜይ ሰፈር ድረስ እያለከለክሽ መጣሽ። እኔ በርጩማዬን አዙሬ ገመዶች ወደተሰቀሉበት ግድግዳ ተቀመጥኩ። ሀዎ ከኋላዬ ሆና የምትጠብቀኝ ይመስል ቁልፎቿን ታቅጨለጭላለች።

«ምን ይታያል?» አልኩሽ።

«ሙሽራዋ እየገባች ነው።»

«ስለ ሙሽራዋ ማን ጠየቀሽ? ነጠብጣብ አለ?»

«አለ። አረንጓዴ። ጉንጯ ላይ።»

«ይንቀሳቀሳል?»

«ይንቀጠቀጣል። አባ፣ ዓብዲራሺድ ሽማግሌ ሊልክብህ ነው። አሁን ደግሞ መስመር ሆነ፣ ከላይ ወደ ታች።»

ድምፅሽን ሳትለውጪ ነበር ያልሽው። መጀመሪያ የሰማሁት መስመሩን ነው። ሌላው ዘግይቶ ደረሰኝ።

ሀዎ በሶማልኛ «ምን አለችህ?» አለችኝ።

«መስመር ወጣ አለች።»

«ይህን ለማለት ይህን ሁሉ ታወራለች?»

አንቺ ቀጠልሽ። «እኔም እፈልገዋለሁ፣ አባ። ፊትህን እያየሁ መናገር አቅቶኝ ነው።»

እኔም ምን አልኩሽ? «መስመሩ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ሐምራዊ» አልሽ። ከዚያ በኋላ ከተጠየቅሽው ሌላ አንዲት ቃል አልጨመርሽም።

ዞር ብል ሙሽራይቱን አያለሁ። ባልዞር ያንቺን ፊት አላይም። በሰው ሰርግ ላይ ያለ ጉንጭ ምን እንደሚመስል ስጠይቅሽ ቆይቼ የራሴ ልጅ ፊት እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ቀረሁ።

ሥራው ሲገባኝ ቀላል ሆነ። አንድ ስም ያላቸው ካርዶች ሜሞሪያቸው ከተለያየ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል፤ ለአንዱ የተጻፈ ባዮስ ሌላው ላይ ሲሆን ያኔ ነው የሚያዥጎረጉረው። ማቀዝቀዣውን ፈትቼ በእጅ ባትሪ የሜሞሪውን ጽሑፍ አነበብኩ፣ የሚስማማውን ባዮስ ፈለግኩ፣ የስክሪኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቼ እንደገና ፍላሽ አደረግኩ። ብሎን ከእጄ ሲወድቅብኝ ሀዎ «አይዞህ፣ ካርድ ነው» አለችኝ። ለካርዱ መስሏት ነው።

አንቺ «ንጹሕ ነው» ስትይ ሀዎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እልል አለች። እኛ ግን በዋሄን መሐል፣ የሽልንግ ክምር ባነጠፉት መንዛሪዎች መካከል፣ አንቺ ቀድመሽ እኔ ተከትዬ ወጣን። ቤት ስንደርስ ወተት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ። በማግስቱ «አክስቴ ጋ ልሂድ» አልሽኝ። «በሰላም ግቢ» አልኩሽ።

ኡስታዙን ሄጄ ጠየቅኩት። «የልጃገረድ ዝምታዋ እሺታዋ ነው ተብለን ተምረናል፤ የአባት ዝምታስ?» አልኩት። «አባትማ ይናገር» አለኝና ቁርኣኑን መልሶ ከፈተ።

ከዚያ ወዲህ ስሰግድ ግንባሬ መሬት ላይ ሆኖ ስንት ረከዓ እንደደረስኩ ይጠፋብኛል። ፍርሃቴ ሁለት ነው። አንዱን ለሰው እናገረዋለሁ፦ በእንግድነት በምንኖርበት በዚህ አገር ሴት ልጅ ትዳሯ ውስጥ ብትበደል ወገኖቿ ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ተቀምጠው ይፈርዳሉ። ያንቺ ወገን ማነው? እኔና መፍቻዬ። ይህ እውነት ነው። ሌላውን ግን ከአላህ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። እናትሽ ሪሀና ካረፈች ወዲህ አንድ ትሪ ላይ አብራኝ የምትበላ አንቺ ብቻ ነሽ። የመጀመሪያውን ፍርሃት ሳነሳ ሁለተኛው ከሥሩ ተደብቆ እንደሚመጣ አሁን ነው ያስተዋልኩት። አንዱ ላንቺ ነው፣ አንዱ ለራሴ። ለራሴ የሆነውን ባንቺ ላይ መጫን አይገባኝም።

ስለ ልጁ ጠይቄያለሁ። መስጊዱ አጠገብ ስልክ የሚሸጡትን፣ ጎረቤቶቹን፣ አብረውት የሚሠሩትን። ይሰግዳል። እናቱን ይጦራል። ሐሙስ ሐሙስ ጫት ይቅማል አሉኝ። ሌላ ነውር አላገኘሁበትም፤ ፈልጌ ነበር።

ስለ ወገን ደግሞ ተቀምጬ ከመጨነቅ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። የደሴው ልብስ ሰፊ አሚር ቃሉን ሳልጨርስ እሺ አለኝ፤ ጥቁር ኮቱን እንደሚለብስም ነገረኝ። ከዚያ ግንበኛው ባንተአምላክ ጋ አያሃ ሰፈር ድረስ ሄድኩ። ሲሚንቶ እያቦካ አዳመጠኝ።

«ጋሽ ኸሊፋ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ። ይከፋቸው ይሆን?»

«የምጠራህ ልትሰግድ አይደለም፣ ልትቀመጥ ነው።»

«ምን እላለሁ ታዲያ?»

«ምንም አትበል። ሰፋ ብለህ ተቀመጥ።»

ሳቀ። «እሱንስ እችላለሁ» አለ። «ሰልዋን አንድ ነገር ቢያደርጓት ግን ዝም አልልም።»

እንግዲህ ከእኔ ጋር ሦስት ሆንን። ብዙ አይደለም። ግን አንድ አይደለንም።

ከዚያ ሀዎ ስቱዲዮ በር ላይ ቆሜ አስጠራኋት። «አርብ ከዓስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አልኳት። ሻሿን አስተካክላ አየችኝ።

«ይህን ለማለት ይህን ያህል ጊዜ?»

«ታውቂ ነበር?»

«አማርኛ አልሰማም። የወንድሜን ልጅ ስም ግን እሰማለሁ።»

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፣ ልጄ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እሺ እላለሁ። ነገር ግን ከዚያ በፊት ልብሽ ቢመለስ ለሰዓዳ «አልመጣም» በያት፣ ሌላ ቃል አያስፈልግም። እኔ እመልሳቸዋለሁ። ሀዎ ብትቀየመኝም ትቀየመኝ። ለምን ብዬም አልጠይቅሽም፣ አንድ ቀንም አላነሳብሽም።

ልብሽ እንደነበረ ከሆነ ሐሙስ ነይ። ሶማሌዎቹ ዘንድ ሽማግሌ በመጣበት ቀን ኒካሑም፣ የጋብቻው ውል፣ ሊታሰር ይችላል፣ አንቺም በጓዳ ሆነሽ ትሰሚያለሽ። ኢማሙ «ሰጥተሃል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ድምፄ ቶሎ ባይወጣ እንዳትደነግጪ። ትንፋሽ እየፈለግኩ ነው። እሺ ነው የምለው።

አላህ መንገድሽን ያቅናልኝ።

አባትሽ ኸሊፋ
ሀርጌሳ