ሽቅብ የወጣው መዳብ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ብርዱ እንደጠናብሽ እገምታለሁ። እኔ እዚህ ሜልቦርን ደህና ነኝ፤ ከላቦራቶሪው ተባርሬያለሁ እንጂ። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄ እንዳይከዳኝ ነው።

የምሠራው ነገር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፕላስቲክ ነው። በሁለት ውሃዎች መካከል ይወጠራል፤ ከአንዱ መዳቡን ብቻ መርጦ ወደ ሌላው ያሻግራል። ማዶው በመዳብ ቢሞላ እንኳ ከትንሹ ወደ ብዙው፣ ሽቅብ ይገፋዋል። ለማነጻጸሪያ ሌሎቹ መዳብ የሌለበት የተጣራ ውሃ ይጠቀማሉ። እኔ ግን በኩራት ከጓሯችን ምንጭ የቀዳሽልኝን ጀሪካን አመጣሁ።

አንድ ጠዋት ስገባ ማዶው፣ መዳብ ሲበዛበት እንደሚሆነው፣ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ። አጥቤ ደገምኩት። አሁንም ሰማያዊ።

አለቃዬ ዶክተር ሃድሊ፣ ያው አባዬ ይሠራበት የነበረው የማዕድን ኩባንያ ሰው፣ ሳቀብኝ። "ጀሪካን ተምታቶብሽ ነው፣ እመቤት። ምንጫችሁ ከማዕድን ማውጫው በላይ ነው፤ ውሃ ደግሞ ተራራ አይወጣም" አለኝ። ንጹሕ ነው ብለሽ ፈርሚ ሲለኝ፣ "መጀመሪያ አንተ ጠጣው" አልኩት። መታወቂያዬን ቀማኝ።

ውሃ ተራራ ይወጣል፣ እማዬ። ባለፈው ክረምት ከማዕድን ማውጫው ውሃ የሚስቡትን ፓምፖች ካጠፉ ወዲህ የተዘጋው ዋሻ ሁሉ እየሞላ ነው። ሞልቶ ወደ ላይ ይመጣል፤ ከሥር ዋሻ ካለ። ከቤታችን ሥር ግን ዋሻ የለም ተብለናል። አባዬ ተቀብሮ የቀረበት ዋሻ ከሸለቆው ማዶ ነው፣ ሊደረስበት አይቻልም ብለው አፉን በሲሚንቶ ሲደፍኑት አምነናቸው ነበር።

አንቺም ከዚያው ክረምት ጀምሮ ከወጥ ቤቱ ወለል ሥር ይንኳኳል ስትዪ፣ ጎረቤትሽ ሚስስ ፔንጌሊ "ቧንቧ ነው፤ ነገ ደግሞ ግድግዳው አዋራኝ ትያለሽ" ብላ ቀለደችብሽ። ሦስቴ፣ ዝም፣ እንደገና ሦስቴ ብለሽኝ ነበር። የታፈኑ ቆፋሪዎች እንደዚያ እንደሚያንኳኩ አባዬ እኔን አስተምሮኛል። ላንቺ እንዳትፈሪ ብሎ ነግሮሽ አያውቅም።

ሃድሊ በሚቀጥለው ሳምንት በከተማችሁ አዳራሽ ቆሞ ምንጫችሁ ንጹሕ ነው ይላችኋል። እስከዚያ የዝናቡን ውሃ ጠጪ። ሐሙስ በመርከብ ወደ ደሴታችን እሻገራለሁ፤ የፕላስቲክ ልጣጬን ከመጽሐፍ መሐል ደብቄ አውጥቻለሁ። እፊቱ፣ እፊታችሁ፣ ሰማያዊውን አሳያለሁ። ከዚያ የአባዬን ዶማ አውጥተን ወለሉን እንነቅላለን።

ጤናሽን አያጉድልብኝ፤ እጅሽን ለመሳም ያብቃኝ። እስክደርስ ግን ቢንኳኳ፣ እንደ እንግዳ አትፍሪው።

የሁለታችሁም ልጅ