ጨው በተጻፈበት ዋጋ

ውድ ወንድሜ ሪግዚን፣

«እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። እማ ሻይዋን ያለ ጨው እየጠጣች ነው። ትጎነጭና ፊቷን ታጨፈግጋለች፤ እኔ እንዳላይባት ደግሞ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። መንደሩ ውስጥ ጨው የቀረበት ቤት የለም። ሱቄም ባዶ ነው። መንገዱን በረዶ ስለዘጋው እስከ በጋ ድረስ ጭነት ወደዚህ ድርሽ አይልም። የምጽፍልህ ልወቅስህ አይደለም። ብወቅስህስ ምን ላመጣ?

በጋ ላይ ከሌህ ከተማ ስትመጣ ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር። የጠበቃ ጸሐፊ የሆነ ወንድም ያለው በመንደራችን ማን አለ? ሱቁ በር ላይ ተቀምጠህ ከአሮጊቷ ከአቢ ላዞም ጋር ስትቀላለድ እኔ ውስጥ ሆኜ ምስር እሰፍር ነበር። ወዲያው የገዛችውን ጨው ከእጇ ተቀብለህ ፓኬቱን ታገላብጠው ጀመር።

«አቢ፣ ስንት ከፈልሽበት?»

«አርባ ሩፒ ነዋ! ሃያው የጨው፣ ሃያው የተራራው ጉርሻ።»

«እዚህ ላይ እኮ ሃያ ተብሎ ተጽፏል። ከተጻፈው በላይ አንድ ፓይሳ መክፈል የለብሽም። ሕግ ነው።»

«ተጽፏል? በጽሑፍ?»

ያኔ ፊቷን ልብ ብለኸው ነበር? የእኛ ሰው ፊደል ያለበትን ወረቀት ተራምዶ እንደማያልፍ ታውቃለህ። አቢ ላዞም ባዶውን የብስኩት ልባስ እንኳ ፊደል አለበት ብላ ጣራው ሥር ትሸጉጠዋለች። አንተ የነገርካት የገበያ ሕግ ነው፤ እሷ የሰማችው ግን የጸሎት መጽሐፍ ቃል ነው። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለአንተ ሳይሆን አይቀርም፤ ቁጥሩን አየህና ተራራውን ረሳኸው።

አንተ ወደ ሥራህ ተመለስክ። በማግስቱ ሰዉ፣ እንደ ታላቅ እህቱ «አቼ» እያለኝ፣ እቃ እያገላበጠ ይጠይቀኝ ጀመር።

«አቼ ኩንዜስ፣ ጽሑፍ ይዋሻል እንዴ?»

«ጽሑፉ አይዋሽም። የጻፈው ሰው ግን ፈረስ ተከራይቶ አያውቅም!»

«ታዲያ አንቺ ከጽሑፍ ትበልጫለሽ?»

ሪግዚን፣ አንተ እኮ እዚሁ ነው ያደግኸው። እስከ ሌህና እስከ ካርጊል ድረስ ጨውና የታተመበት ዋጋ በአንድ መኪና ይመጣሉ። ፓዱም ሲደርስ ባለሱቁ የነዳጁን ይጨምርበታል። ከፓዱም ወደ እኛ ደግሞ መንገዱ ያልቅና ፈረስ ይጀምራል። ፈረስ የተጫነው ጨው ይሁን ሐር ግድ የለውም፣ የሚያውቀው ክብደቱን ነው። ለዚህ ነው መርፌን በከተማ ዋጋ እየሸጥኩ፣ ከሁሉ ርካሹ ጨው እኔ ዘንድ እጥፍ የሚሆነው። የታሸገውን የድንች ጥብስ ቀላል ነው ብዬ ባስመጣው ደግሞ ከፍታው ላይ ፓኬቱ እንደ ፊኛ ይነፋና ግማሹ ይፈነዳል። የፈነዳው ዋጋ የት ላይ ይጻፍልኝ?

በመጨረሻ የመንደሩ ሹም፣ ጎባ ሞሩፕ፣ ሰዉን ሰበሰበ።

«ኩንዜስ፣ ሌባ ነሽ አላልንሽም» አለኝ። «ግን የተጻፈ ነገር አለ። በተጻፈው ሽጪ።»

እማ እዚያው ተቀምጣ ነበር፤ አንገቷን ደፋች። እሺ አልኩ። ሰዉም ደስ ብሎት ገዛ፤ ከራሱ አልፎ ለፍየሎቹ የሚልሱትን ጨው ሳይቀር ወሰደ። ከዚያ ሁሉ ሽያጭ በእጄ የቀረው ለፈረስ ኪራይ የሚበቃ አልነበረም። የክረምቱን እቃ እንዲያመጣልኝ ባለፈረሱን ናምግያልን ጠራሁት።

«የፈረሴ ኪራይስ፣ አቼ?»

«የለኝም። በተጻፈው ዋጋ እየሸጥኩ ከየት ላምጣው?»

«ምን ላድርግ፣ የኔ ፈረስ ማንበብ አይችል!»

ሳቅን። ግን እሱም ልጆች አሉት፤ ለሚከፍለው ሰው ሊጭን ሄደ። እኔ የሚያበድረኝ ሰው ስፈልግ በረዶው ቀደመኝ።

ሰሞኑን አቢ ላዞም መጣች። ፍየሎቿ የጭቃውን ግድግዳ ይልሳሉ አለችኝ።

«ሰማንያ ልስጥሽ፣ ልጄ። አንድ ፓኬት ብቻ።»

«የለም፣ አቢ።»

«መቶ አድርጊው።»

«ኧረ የለም! ገብተሽ እዪው።»

«ጽሑፉን ስላመንን ተቀየምሽን አይደል? ደብቀሽዋል» አለችኝና ምርኩዟን እየጎተተች ወጣች። እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ አቢ ላዞም! ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ ማንን ልክሰስ? ሕጉ የወጣው ነጋዴ ድሃውን እንዳይዘርፍ ነው፤ ጥሩ ሕግ ነው። አንተ የተናገርከው እውነት ነው። እኔም የዘረፍኩት ሰው የለም። ሁላችንም ልክ ሆነን ጨው አጣን።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ናምግያል ነው። ፈረሶቹን አሳርፎ በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ በእግሩ ወደ ሌህ ይመጣል። እባክህ፣ ጀርባው የሚችለውን ያህል ጨው ግዛልኝ፤ ለባለሱቁ የተጻፈውን ብቻ ክፈለው። ከዚያ የሸክሙን ስንት እንደሚል ናምግያልን ራሱን ጠይቀው። አትከራከረው፤ ዓምና ወንዙ ላይ በረዶው ከሥሩ የተሰነጠቀበት ሰው እስካሁን አልተገኘም። ያለህን ክፈልለት። የምለምንህ ሌላም ነገር አለ፤ በየፓኬቱ ላይ፣ ከታተመው ቁጥር አጠገብ፣ የሸክሙን ጨምረህ የምሸጥበትን ዋጋ በራስህ እጅ ጻፍልኝ። የእኔን አፍ አላመኑም፤ የአንተን ጽሑፍ ያምናሉ።

የጠበቃ ጸሐፊ ይህን ቢጽፍ ምን እንደሚደርስበት አላውቅም፤ ሳስበው እፈራለሁ። ሌላ መንገድ ካለ ንገረኝ፣ እኔ ፈልጌ አጣሁ። ሃያ ብለህ ብትጽፍም አልቀየምህም። ቃሌ ነው፣ በሃያ እሸጠዋለሁ። የሚቀጥለውን ጨው ግን ማን እንደሚያመጣው አላውቅም።

ምንጊዜም የምትወድህ እህትህ፣
ኩንዜስ